አርተር ጉልድና የአንድ ሽልንግ ስጦታ

ስለ አገሩ ስም የደከመ ሰው ከወገኖቹ ወሮታ ቢቀበል ክብሩ ይጐድላልን? ወይስ ክብሩ የሚጐድለው ወሮታውን የነፈገው ወገን ነው? ይህ ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ሲነሣ የኖረ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግን በታላቋ ብሪታንያ ምዕራብ በምትገኘው በዌልስ፣ በአንድ ኳስ ተጫዋች ምክንያት ተነሥቶ ጐረቤታሞችን አገሮች እስከ ማለያየት ደርሷል። የዚህን ተጫዋች የአርተር ጉልድን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የተጫወተው ጨዋታ ራግቢ ይባላል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይዞ መሮጥ የተፈቀደ ሲሆን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ግን ክልክል ነው። ኳሱን ከባላጋራው መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ወገን ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ተወልዶ ያደገው በእንግሊዝ አገር የባለጸጎች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ወደ ደቡብ ዌልስ በተሻገረ ጊዜ ግን የከሰል ቈፋሪው፣ የብረት አቅላጩና የወደብ ሠራተኛው ጨዋታ ሆነ። በኋላ የምናወሳው ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ባለጸጋው ለመዝናናት የሚጫወተውን ሠራተኛው የዕለት ደመወዙን አስቀርቶ ይጫወተው ነበርና።

አርተር ጉልድ በ1864 ዓ.ም. በኒውፖርት ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ዛፍ መውጣት ይወድ ስለ ነበር «ጦጣ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ስሙም ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ1882 ዓ.ም. ለኒውፖርት ማኅበር በኋላ ጠባቂነት ሲሰለፍ፣ አምበሉ ኳሱን በእግሩ እንዲመታ እየጮኸ ቢያዝዘው፣ እርሱ ትእዛዙን ችላ ብሎ ኳሱን እንደ ያዘ ሮጠና ሁለት ጊዜ ነጥብ አገባ ይባላል። ከ1885 እስከ 1897 ዓ.ም. ድረስ ለዌልስ 27 ጊዜ ተሰለፈ፤ ከእነዚህም ውስጥ በ18ቱ አምበል ነበረ። በአምበልነት ይህን ቍጥር ያለፈ ሌላ የዌልስ ተጫዋች እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ አልተገኘም።

ዌልስ በ1881 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገጥም አንዲት ነጥብ እንኳ ሳታገኝ ተሸንፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዌልሶች አዲስ አሰላለፍ አመጡ፤ ይኸውም ከፊት ከሚገፉት ተጫዋቾች አንዱን ቀንሰው ከኋላ በሚሮጡት ላይ መጨመራቸውና ሦስት የነበሩትን አራት ማድረጋቸው ነው። ጉልድ ይህን አሰላለፍ በመጀመሪያ አልወደደውም ነበር። ኋላ ግን በዚሁ አሰላለፍ ከሁሉ የላቀ ዝና አገኘ።

የድካሙ ፍሬ የታየው በ1893 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር በካርዲፍ ከተማ ከእንግሊዝ ጋር ሊጋጠሙ ሜዳው በውርጭ ደርቆ ስለ ነበር፣ በየምድጃው የድንጋይ ከሰል እያነደዱ መሬቱን አሟሟቁት። እንግሊዞች አስቀድመው መሩ፤ ጉልድ ሁለት ጊዜ አግብቶ ወገኑን አቃረበ። በመጨረሻም ዌልሶች የቅጣት ምት ሲያገኙ፣ ጉልድ ቢሊ ባንክሮፍትን ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጠህ ምታ ቢለው፣ ባንክሮፍት እንቢ ብሎ ከእጁ ለቆ ነጥሮ ሲነሣ መታውና አገባው ይባላል። ጉልድ በጐልማሳነቱ በአምበሉ ላይ ያደረገውን፣ አምበል በሆነ ጊዜ እርሱም ተቀበለው። ዌልስም 12 ለ 11 አሸነፈች። በኤዲንበርግ ስኮትላንድን 9 ለ 0፣ በላኔሊ ደግሞ በወንድሙ በበርት ጉልድ ብቸኛ ግብ አየርላንድን 2 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ሦስቱን ጐረቤቶቿን በአንድ ዓመት ድል ያደረገችበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆነ።

ጉልድ ከጨዋታው ዓለም የሚሰናበትበት ጊዜ ሲቃረብ፣ አንድ የኒውፖርት ጋዜጣ ሕዝቡ የምስጋና ገንዘብ እንዲያዋጣለት አሳብ አቀረበ። መዋጮው በሰው ከአንድ ሽልንግ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህም ስጦታው የጥቂት ባለጸጎች ሳይሆን የብዙዎች እንዲሆን የሚያደርግ ውሳኔ ነበር። ገንዘቡም እጅግ ስለ በዛ ለጉልድ የመኖሪያ ቤት ለመስጠት ታሰበ።

የጨዋታውን ሕግ የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ቦርድ ግን ይህ ደመወዝ ነው ብሎ ተቃወመ። የቦርዱ ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1895 ዓ.ም. የሰሜን እንግሊዝ ማኅበራት፣ ተጫዋቾቻቸው ከሥራ ስለሚቀሩበት ቀን ካሣ ይከፈላቸው ብለው ጠይቀው በመከልከላቸው ተገንጥለው የራሳቸውን ኅብረት አቋቁመው ነበር። ዛሬ ለአንዱ ቤት ከተሰጠ ነገ ባለገንዘቡ ማኅበር ተጫዋቾችን ሁሉ ይገዛል የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ይሁንና በዚያው በ1895 ዓ.ም. ለታወቀው የክሪኬት ተጫዋችና ሐኪም ለዶክተር ግሬስ አንድ የለንደን ጋዜጣ ከሕዝብ ሽልንግ ሲሰበስብ፣ ከክሪኬት ጌቶች ተርታ አላስወጣውም። የክሪኬትና የራግቢ ሕግ የተለያየ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን አንዱ ሽልንግ ለሐኪሙ ክብር፣ ለኒውፖርቱ ልጅ ደመወዝ ሲባል፣ ልዩነቱ ከስጦታው ይልቅ በተቀባዩ ማንነት ላይ ያለ ይመስለናል።

የዌልስ ማኅበርም ከሕዝቡ ጋር መቆምን መረጠና በ1897 ዓ.ም. ከቦርዱ ወጣ። በዚያ ዓመት ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ጋር ሳይጋጠም ቀረ። በጥር ወር በኒውፖርት እንግሊዝን 11 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ የጉልድ የመጨረሻ ሆነ። በፋሲካ ማግሥትም በካርዲፍ በብዙ ሕዝብ ፊት የቤቱን የባለቤትነት ወረቀት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት አስረከቡት።

በ1898 ዓ.ም. ዕርቅ ወረደ፤ ዌልስ ወደ ቦርዱ እንድትመለስ የተፈቀደላት ግን ጉልድ ከእንግዲህ ለአገሩ እንዳይሰለፍ በሚል ውል ነበር። ስኮትላንድ ከዌልስ ጋር መጋጠም የጀመረችው በ1899 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ስጦታውን ሰጠ፣ ቦርዱም ሕጉን ጠበቀ፤ የዕርቁን ዋጋ የከፈለው አንዱ ሰው ብቻ ሆነ።

ጉልድ በ1919 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ ሲሞት፣ ቀብሩ እስከዚያ ጊዜ በዌልስ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ነበር ይባላል። ያ ሁሉ ጠብ የተነሣበትን ክልከላ ግን ቦርዱ ራሱ በ1995 ዓ.ም. ሰረዘው፤ የራግቢ ተጫዋች ደመወዝ መቀበል ነውር መሆኑም ቀረ።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሕግ አውጪ የሆነ ሁሉ ሕጉ የሚጸናበት ሰው ከምን እንደሚኖር አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባው ነው። ያለ ዋጋ ማገልገል መልካም ነገር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን ያለ ዋጋ ማገልገል የሚችለው ሌላ መተዳደሪያ ያለው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ በጎነትን ሳይሆን ሀብትን ይጠብቃል። የዌልስ ከሰል ቈፋሪ ይህን በመጽሐፍ አልተማረውም፤ ከላቡ ዋጋ አንዲት ሽልንግ ከፍሎ ተናገረው እንጂ።