የሰሌዳ ድንጋይና የመዳብ ምስማር

ዛሬ አብረን የምናነበው ስለ አንድ የጸሎት ቤት ጣሪያ ነው። የጸሎት ቤቱ ያለው በሩቅ አገር፣ በፈረንሳይ ነው። ነገሩ ግን የእኛንም ቤት ይነካል።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቆርቆሮ ቤት ማፍሰስ የሚጀምረው ከየት ነው? ከቆርቆሮው መሐል ነው እንዴ? ብዙ ጊዜ አይደለም። ከምስማሩ ሥር ነው። ምስማሩ ይዝጋል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ውሃው ይገባል። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ከፓሪስ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቬርሳይ የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በዚያ ትልቅ የጸሎት ቤት አሠራ። ሥራው በ1689 ተጀምሮ በጦርነት ምክንያት ቆመ። በ1699 እንደገና ተጀመረ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዋናው መሐንዲስ አርዱወን ማንሳር በ1708 ሞተ። ሮቤር ደ ኮት የሚባል ዘመዱ ተክቶት ሥራውን በ1710 ፈጸመ።

የዚህ ጸሎት ቤት ጣሪያ እንደ ጎጆ ክዳን ቁልቁል የተዳፋ ነው። ከውስጥ የሚሸከመው እንጨት ነው። ከላይ የለበሰው ግን ድንጋይ ነው! ድንጋይ እንዴት ጣሪያ ይሆናል? ትሉ ይሆናል። ይህ ድንጋይ በመሮ ሲመታ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በስሱ ይሰነጠቃል። ውሃም አያሳልፍም። ድሮ በብዙ አገሮች ተማሪዎች ፊደል የሚጽፉበት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ከዚሁ ድንጋይ ይሠራ ነበር። ስለዚህ እኛም የሰሌዳ ድንጋይ እንበለው። በጣሪያው አናት ላይ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ የእርሳስ ጌጥ አለ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፤ ከባዱን ማዕድን ነው።

ጥሩ የሰሌዳ ድንጋይ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። ታዲያ ጣሪያው ለምን ያረጃል? አሁን ወደ ምስማሩ እንመለስ። ድንጋዩ በብረት ምስማር ከተመታ ብረቱ ይዝጋል፤ ይበጠሳል። ያን ጊዜ ደህናው ድንጋይ ተንሸራቶ ይወድቃል። በወደቀበት በኩል ውሃ ይገባል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ለድንጋይ ጣሪያ ጥሩ ባለሙያ የመዳብ ምስማር ይመርጣል። መዳብ ሲቆይ አረንጓዴ ልባስ ያወጣል። ያ ልባስ እንደ ቆዳ ሆኖ መዳቡን ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን ራሱን ብረቱን ይበላዋል።

የቬርሳይ ጣሪያም ችግር አላጣውም። በጣሪያው ላይ እንደ ጉልላት የቆመ ትንሽ ማማ ነበረ። እንጨቱ ሊሸከመው ስላልቻለ በ1765 አወረዱት። ማማው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ትልቁ እድሳት የተደረገው ከ2017 እስከ 2021 ነው። የጣሪያው እንጨት፣ ክዳኑ፣ የእርሳሱ ጌጥ፣ የውጭ ሐውልቶቹና ባለ ቀለም መስኮቶቹ ታደሱ። ጌጡም እንደገና ወርቅ ተለበጠ። እንዲህ ባለው ሥራ አዋቂ ባለሙያ ሁሉንም አፍርሶ አይጥልም። እያንዳንዱን እንጨትና ድንጋይ ይመረምራል፤ ደህናውን ያስቀራል፤ የተበላሸውን ብቻ ይለውጣል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንምጣ። በብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ። በዕቃ ቤቱም የብራና መጻሕፍት አሉ። ምስማር በገበያ ይገዛል። ወራጅም ቢበሰብስ ሌላ ይጠረባል። ውሃ ያጠበው ሥዕልና የበሰበሰ ብራና ግን ከየት ይገዛል? እኛ ዛሬ ማንበብ ጀምረናል። የአባቶቻችን ጽሑፍ በአንድ የዛገ ምስማር ምክንያት ቢጠፋ ምን እናነባለን?

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ጣሪያውን እዩ። አሸንዳውን ከቅጠል አጽዱ። የላላና የዛገ ምስማር ለውጡ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ መዳብ ለድንጋይ ጣሪያ ጥሩ ነው ብላችሁ በቆርቆሮ ላይ እንዳትመቱት። መዳብና የቆርቆሮው ዚንክ በውሃ ሲገናኙ ዚንኩ ቶሎ ይበላል። ለቆርቆሮ የሚሆነው ዚንክ የተቀባ ባለ ቆብ ምስማር ነው።

አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ብለዋል። ለጣሪያም ያው ነው።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦
1. የድንጋይ ጣሪያን ቀድሞ የሚጎዳው ምንድን ነው?
2. የመዳብ ምስማር በቆርቆሮ ላይ ለምን አይመታም?
3. በእናንተ አካባቢ ጣሪያው የሚያፈስ የቆየ ቤት የትኛው ነው? ማን ሊያየው ይችላል?

በሚቀጥለው ንባብ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።