ጠያቂው ሳጥን፦ ከፕሬሲ ማሽን እስከ ተማሪዎቼ ስልክ

የዝግጅት ኮሚቴው «ስለፈለግሽው ነገር ጻፊ» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የጠዋት ራውንድ ነው። የ1999 ምሩቃን ጓደኞቼ አትረሱትም። ሕፃናት ክፍል፣ አልጋውን ከብበን ቆመናል፤ ጥያቄው ከኢንተርኖች ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። መልሱን የማያውቅ ረጅም ጓደኛውን ተከልሎ ይቆማል። እኔ አጭር ስለሆንኩ መከለያ አጥቼ አላውቅም፤ ግን ያው ማንም አይተርፍም ነበር። ያኔ በትክክል ከመለስኳቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹን ዛሬ ረስቻቸዋለሁ። አፌ ላይ የቀሩትን ግን ሕፃኑ የተኛበትን አልጋ ቁጥር ጭምር አስታውሳለሁ።

አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው አልጋ ዳር ብቻ አይደለም፤ በስልክም ነው። ካሁት፣ ኩዊዝሌት፣ አንኪ የሚባሉ፣ ቢያንስ ሲጀመሩ በነጻ የቀረቡ የጥያቄ ጨዋታዎችና የክለሳ መሣሪያዎች አሉ። በመምህራን ክፍል ስለነዚህ ነገሮች ሲነሳ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «የልጆች ጨዋታ ነው» ይላል፤ ሌላው ትናንት ከሰማይ የወረደ ተአምር ያደርገዋል። ነገሩ ግን መቶ ዓመት ሞልቶታል።

ሲድኒ ፕሬሲ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የጽሕፈት መኪና የሚመስል ማሽን ሠራ። በትንሽ መስኮት ጥያቄና ምርጫዎች ይታያሉ፤ ተማሪው ከአራት ቁልፎች አንዱን ይጫናል። ማሽኑ ሁለት አሠራር ነበረው። በአንደኛው ዝም ብሎ ነጥብ ይቆጥራል። በሁለተኛው ግን ትክክለኛው ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም። የሰውየው ትልቁ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው፦ ስሕተቱን እዚያው በዚያው የሚናገር ፈተና ያስተምራል። ከረሜላ የሚጥል ተጨማሪ ዕቃም ገጥሞለት ነበር፤ የተወሰነ ትክክለኛ መልስ ሲሞላ አንድ ከረሜላ ጠብ ይላል። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚፈነዳው ርችት የዚያ ከረሜላ የልጅ ልጅ ነው። ማሽኑ ገበያ ወጥቶ ሳይገፋ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። መምህራን ሥራ እያጡ ባሉበት ሰዓት የመምህር ጉልበት የሚቆጥብ ዕቃ ማን ይገዛል? እ.ኤ.አ. በ1932 ፕሬሲ ሥራውን መተዉን ጽፎ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ «ይኼማ እኛም ዘንድ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን ያደግን፣ ሲያቅተን አገር ሰጥተን ያመለጥን ሰዎች ነን። የአብነት ተማሪውም ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ፣ የቃል ትምህርቱን በአፉ ሲያወርድ መምህሩ በጆሮ ይከታተለዋል፤ ሲስት እዚያው ያርመዋል። ችግሩ ያ ሁሉ የሚሆነው መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጆሮ ሲኖረው ነው። ሰማንያ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ የማን ጆሮ ይበቃል?

የሃርቫርዱ ቢ. ኤፍ. ስኪነርም የተነሳው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የልጁን የ4ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ሊጎበኝ ገብቶ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ሲነዱ አየ። የሠሩት ልክ ይሁን ስሕተት የሚያውቁት ቆይቶ ነው። ብዙም ሳይቆይ የራሱን ማሽን መሥራት ጀመረ። የእሱ ማሽን ምርጫ አያቀርብም፤ ተማሪው መልሱን ራሱ ይጽፋል። በዚህ ነጥብ እኔ ከስኪነር ጋር ነኝ። ሕመምተኛ አራት ምርጫ ይዞ አይመጣም።

ቀጥሎ የመጣውን ታሪክ ሳነብ ግን ከወንበሬ ተነስቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር በኮምፒውተር የሚያስተምር ሥርዓት ጀመረ፤ ስሙን ፕሌቶ አሉት። ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩ በመልሱ መሠረት ይቀጥላል። ለዚህ የሚስማማ ስክሪን ስላጡ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን አዲስ ዓይነት ስክሪን ፈለሰፉ። ፕላዝማ ይባላል። አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው ፕላዝማ። በ1970ዎቹ ተማሪዎች ያንን ብርቱካንማ ስክሪን በጣታቸው እየነኩ ይመልሱበት ነበር።

እኛ ዘንድ የደረሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኛ ያኔ ከመጽሐፍ ወጥተን ዋርድ ገብተናል፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ 9ኛ ክፍል ነበረች። ስክሪኑ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ የዕቃው ስም የትምህርቱ ስም ሆነ፤ «ዛሬ ፕላዝማ አለን» ይባል ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ብዙው የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው። ለመምህሩ የቀረችው ለመግቢያና ለመዝጊያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ናት። ፕላዝማውም እኮ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄ ይጥላል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። እህቴ ቅዳሜ ቤት ስመጣ «እቴቴ፣ ጥያቄውን ገልብጬ ሳልጨርስ መልሱን ነገረኝ፤ መልሱን ልገለብጥ ስል ሌላ ጀመረ» ስትለኝ ስቄባት ነበር። አሁን አልስቅም። ቤተ ሙከራ ላልነበረው ትምህርት ቤት ያሳየው ምስል ጥሩ ነበር፤ ይኼን አልክድም። ግን ተማሪ እንዲመልስበት ተብሎ የተፈለሰፈው ስክሪን እኛ ዘንድ ሲደርስ መስማት ቀረ። እህቴ ስትሳሳት የሚያውቅ አልነበረም።

አሜሪካኖች ዘንድ ደግሞ መምህር ራሱ የሠራው ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በመምህርነት ልምምድ ላይ የነበረው ዶን ራዊትሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወደ ምዕራብ የተሰደዱትን ሰፋሪዎች ጉዞ ለታሪክ ክፍሉ ጨዋታ አደረገው፤ «ኦሪገን ትሬይል» ይባላል። ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ በወረቀት ላይ እያተመ ነው የሚያጫውተው። ልምምዱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ተሰረዘ፤ ራዊትሽ ግን የታተመውን ወረቀት ይዞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ መልሶ ጻፈው፤ የሚኒሶታ ትምህርት ቤቶችም ተጫወቱበት። ተጫዋቾቹ በኮሌራና በደም ተቅማጥ ይሞቱ ነበር። ስንት አሜሪካዊ የደም ተቅማጥን ስም መጀመሪያ የሰማው ከዚያ ጨዋታ ይሆን እላለሁ።

ለመሆኑ መጠየቁ ለምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ጽሑፍ አስነብበው፣ ግማሾቹ ደግመው እንዲያነቡ፣ ግማሾቹ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት 81 በመቶ አስታወሱ፤ ሌሎቹ 75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት ወደ 42 ወረዱ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ላይ ቆዩ። ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፉን በሦስት ቀለም አስምረን «ገብቶኛል» ብለን የወጣነው ሁላችን ሰባተኛው ቀን ላይ ምን እንደምንሆን ይኼ ነው።

ይኼን በካርቶን ሳጥን የሠራው ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሴባስቲያን ላይትነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። ጥያቄ በካርድ ፊት፣ መልስ በጀርባ፤ ያወቅኸው ካርድ ቶሎ ወደማይከፈተው ክፍል ይሄዳል፣ የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በኮምፒውተር ያሰላው የፖላንዱ ተማሪ ፒዮትር ቮዝኒያክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1987። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓንኛ ይማር የነበረው ዴሚየን ኤልምስ አንኪን አወጣ። የሕክምና ተማሪ የሆነ ሁሉ ዛሬ ይኼን ስም ያውቃል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነጻ ነው፤ በአይፎን ይሸጣል፣ ሽያጩም ሥራውን ይደግፋል። ኮዱ ክፍት ነው። ካርዶችህ ከአንተው ዘንድ ይቀመጣሉ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ይህችን የመጨረሻ ነጥብ ያዙልኝ።

ኩዊዝሌትን የሠራው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ አንድሩ ሰዘርላንድ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፈረንሳይኛ ክፍሉ የእንስሳት ስም ሊያጠና። ካሁት ከኖርዌይ፣ ከትሮንድሄም ዩኒቨርሲቲ ምርምር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁሉም ተከፈተ። ጥያቄው ፊት ለፊት ስክሪን ላይ ይታያል፤ በተማሪው ስልክ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ክብና አረንጓዴ ብቻ። ቅጽል ስም ማስገባት ይቻላል፤ ስለዚህ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ክፍሉ ላያውቅ ይችላል። በራውንድ ዘመን ይኼን ብናገኝ ኖሮ የምንለው ምን ነበር!

ነጻ ሲባል ግን ከፋዩ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ኩዊዝሌት እ.ኤ.አ. በ2022 አብዛኛው ተማሪ የሚወደውን የመማሪያ ክፍል ለከፈለ ሰው አደረገው። ካሁት በኦስሎ የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በጎልድማን ሳክስ የሚመራ ቡድን በ17 ቢሊዮን የኖርዌይ ክሮነር ገደማ ሊገዛው ተስማማ። አልወቅስም፤ ሰርቨር በጸሎት አይሠራም። ግን መምህሩ በየሌሊቱ የጻፈው ጥያቄ በሰው ቤት የተቀመጠ ንብረት መሆኑን ማወቅ አለበት።

እኔ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንዱን የፈጣን ጥያቄ መሣሪያ (ስሙን አልጠራም) በየሳምንቱ ሐሙስ እጠቀም ነበር። ክፍሉ ይስቃል፣ ይጯጯሃል፣ ደስ ይለኛል። መጨረሻ ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ ይወጣል። ሁልጊዜ ከታች የሚወጣ አንድ ተማሪ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መቅረት ጀመረ። ሰነፍ መስሎኝ ቢሮ ጠራሁት። ዝም ብሎ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት የሚያቃስት ስልክ። ነጥቡ የሚሰጠው በፍጥነት ነው። ያንኑ ጥያቄ በቃል ጠየቅሁት፤ ከአሥሩ ዘጠኙን መለሰ። አራት ሳምንት ሙሉ የፈተንኩት ስልኩን ነበር ለካ። ለእኔ ጨዋታ የሆነው ለእሱ ራውንድ ነበር፤ መከለያ የሌለበት ራውንድ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ችግር የለም ዶክተር» አለኝ። ችግር ግን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡን አጠፋሁ። ኢንተርኔቱ ደግሞ ራሱ ጠፋ፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ገበያ ሄጄ ባለ አራት ቀለም ካርቶን ገዛሁ። ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ተማሪ አራት አራት ሰጠሁ። እጠይቃለሁ፣ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፣ «አንሱ!» ስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሳል። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ ሲያነሳ ያላስተማርኩት ነገር እንዳለ አያለሁ፤ ጎን ለጎን ተከራከሩ እላቸዋለሁ፣ እንደገና ያነሳሉ። ወጪው የአንድ ሳምንት የማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ለግል ክለሳ ደግሞ ካርዶቹን በአንኪ አዘጋጅተን ፋይሉን በፍላሽ እንቀባበላለን። ከ2015 ወዲህ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስላለበት ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ፋይሉ አለ ወይ» ነው።

ፋይሉ አሁን ከ900 ካርድ በላይ ሆኗል፤ የሕፃናት ሕክምናው ተሟልቷል፣ የቀዶ ሕክምናው ግን ሳስቶብኛል። እዚህ ቤት የቀሩትም፣ ባሕር ማዶ ያሉትም የኛ ልጆች ለበዓሉ ስትመጡ የምጠይቃችሁ አለ። በየካርቶኑ ሥር የቀረ ፎቶኮፒ፣ የድሮ የጥያቄ ወረቀት፣ በራሳችሁ እጅ የጻፋችሁት ማስታወሻ ካለ ይዛችሁ ኑ። እኔ አስተካክዬ አስገባዋለሁ፤ መልሱ ካረጀ እናርመዋለን። መምህሮቻችን በራውንድ የሚጠይቋችሁ ትዝ ካላችሁ በወረቀት ጫሩልኝ፤ እነዚያ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይበልጣሉ።

የመጀመሪያው ካርድ የራሴ ነው፤ ሕፃናት ክፍል፣ 11 ቁጥር አልጋ፣ ረጅሙን ጓደኛዬን ተከልዬ የቆምኩበት። የ2 ዓመት ልጅ ነው፣ ሦስት ቀን አስቀምጦታል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ፈዟል፣ መጠጣት አልቻለም፤ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች በደም ሥሩ በኪሎ ስንት ሚሊ ሊትር ትሰጫለሽ? ከመጀመርሽ በፊትስ ስለዚህ ልጅ ምን ማየት አለብሽ?