የአምባሰል ጎዳናና የድልድዮቹ ተራ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅን አልፎ በአምባሰል ተራሮች ግርጌ ወደ ውጫሌ ሲያመራ የውሃን መንገድ እየቆረጠ ነው። ሚሌን ጨምሮ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ይፈሳሉ፤ ጎዳናው ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ከዚህም የተነሣ በየሸለቆው ወይ ድልድይ ወይ ቱቦ ያስፈልገዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ቋጥኝ እያንከባለለ ይወርድና የምሰሶውን መሠረት ከሥር ይሸረሽራል፤ ላዩ ግን ደኅና ይመስላል። መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ ሁሉ ጤነኛ ድልድይ አይደለም።

ይህን መስመር ለከባድ መኪና እንዲበቃ አድርጎ ያሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው። ዓላማውም ከአሥመራ ወደ መሐል አገር ጦርና ስንቅ ማመላለስ ነበር። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ አገር ለመንጠቅ የሞከረ መንግሥት፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በዚያችው በውጫሌ በኩል መንገድ መዘርጋቱ የታሪክ ምጸት ነው። የኢጣሊያው እንደራሴ የአኦስታ መስፍንም በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ወደ አምባ አላጌ ያፈገፈገው በዚሁ ጎዳና ነበር።

ከነፃነት በኋላ መንገዶቹ ጠጋኝ አጥተው ለዓመታት ተጎሳቆሉ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃምና ተራ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ቅድሚያውም ለነባሮቹ ዋና ዋና መንገዶች ተሰጠ።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሐይቅና በውጫሌ መካከል አንድ ድልድይ ቢወድቅ ጉዳቱ በዚያ ሸለቆ አይወሰንም፤ ከባድ መኪና የሚዞርበት ሌላ ቅርብ መንገድ ስላልነበረ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። የድልድይ ክብደት የሚለካው በርዝመቱ ሳይሆን ከጀርባው በሚቀረው አገር ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የመኪና ብዛት ብቻ ሲሆን፣ መኪና ደርሶበት የማያውቅ የአምባሰል ደጋ መንደር በስሌቱ ውስጥ ዜሮ ይሆናል። ያልተሠራ ድልድይ ደግሞ በጥገና መዝገብ አይሰፍርም።

የዚህ ስሌት ጉድለት በ1965 ዓ.ም. በአደባባይ ታየ። የዘውዱ መንግሥት ረሃቡን ሲሸሽግ፣ የወሎ ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ፤ በመንገዱ ዳር ቆሞም መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። መንገዱ ወደ መንደሩ ስላልመጣለት መንደሩ ወደ መንገዱ መጣ።

በ1977ቱ ድርቅ ከአሰብ ወደብ የተጫነው እህል በባቲና በኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከዚያም በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን ወሎ ተጓዘ። ከባድ መኪኖቹ የቆሙት ጎዳናው በሚያደርሳቸው ከተሞች ነበር። የደጋው ሰው ድርሻውን ለመቀበል አሁንም ገደሉን መውረድ፣ ተሸክሞም መመለስ ነበረበት።