ታጣፊ ታሪክ፦ የሞያሌ ዙሪያ የዘመን ቆጠራና የትናንሽ ኮምፒውተሮች አስተዋፅኦ

አስተዋፅኦ የአንድን ሰፊ ጉዳይ ዋና ዋና ርዕሶች በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ከየርዕሱ ሥር ንዑስ ርዕሶችን፣ ከእነዚያም ሥር ዝርዝሩን የሚያሳይ የሐሳብ አጽም ሲሆን፣ በትምህርት ቤት ለድርሰት መሰናዶ ሆኖ ስለሚሰጥ የወረቀትና የእርሳስ ነገር ብቻ ይመስላል። በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ በምትገኘው የድንበር ከተማ በሞያሌ ዙሪያ የሚኖሩት የቦረናና የገብራ አርብቶ አደሮች ግን የዘመናት ታሪካቸውን በዚሁ መልክ አዋቅረው በቃል ይዘውት ኖረዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእጅ የሚያዙ ኮምፒውተሮችን ለሐሳብ ማደራጃ ለማዋል የደከሙ ባለሙያዎች የገጠማቸው ችግር፣ ማለትም ብዙውን በጥቂት ቦታ ይዞ የመጓዝ ችግር፣ በእነዚህ ማኅበረሰቦች ዘንድ አስቀድሞ መፍትሔ ያገኘ ነበር።

ቦረናዎች የቃል ታሪክን «አርጋ ደጌቲ» ይሉታል፤ የታየና የተሰማ እንደማለት ነው። የዚህ ታሪክ የላይኛው እርከን የገዳ ዘመን ነው። ገዳ በትውልድ የተደራጁ ወገኖች በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረካከቡበት ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስምንት ዓመት በመሪው፣ በአባ ገዳው ስም ይጠራል። ከ1960 እስከ 1968 ያለው የጃልዴሳ ሊበን ገዳ ነው፤ የጎባ ቡሌ፣ የጂሎ አጋና የቦሩ ጉዮ ገዳዎች ተከትለውታል። ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ያገኘችበት ጊዜም ሆነ፣ ከዚያው ዓመት እስከ 1967 ሰሜን ኬንያን ያመሰው የሽፍታ ጦርነት በዚህ አቀማመጥ የሚውሉት በጃልዴሳ ሊበን ስም ሥር ነው። አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ ጉድጓድ መድረቅ ወይም ስለ አንድ ዕርቅ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚጠሩት የአባ ገዳውን ስም ነው፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ የሚፈለገው ብቻ ይዘረዘራል፣ ያልተጠየቀው እንደታጠፈ ይቀመጣል።

የአደረጃጀቱ ብልሃት በርዕሶቹ መኖር ብቻ አያበቃም። ቦረናዎች «ጎጌሳ» የሚሏቸው አምስት የትውልድ ሐረጎች አሏቸው፤ ሥልጣኑ በአምስቱ ላይ እየተዘዋወረ ወደ አንዱ ሐረግ የሚመለሰው አምስት ጊዜ ስምንት፣ ማለትም አርባ ዓመት ሲሞላ ነው። በ1960 ሥልጣን የተረከቡት የጃልዴሳ ሊበን ልጅ ሊበን ጃልዴሳ አባ ገዳ የሆኑት በ2000 ነው። በመሆኑም ተራኪው አንዱን ስም ቢዘልል ወይም ቢያፋልስ፣ አባትና ልጅ በአርባ ዓመት ርቀት መገናኘታቸው ስለሚቀር ስህተቱ በአድማጮች ፊት ይጋለጣል። ጽሑፍ በሌለበት ይህን ያህል ጥብቅ የማረሚያ ዘዴ መገኘቱ ከፍ ያለ አድናቆት የሚገባው ነው።

በገብራዎች ዘንድ ደግሞ ዓመታት በሳምንቱ ቀናት ስም ይጠራሉ። የገብራ ዓመት 365 ቀን ነው፤ 365 ለሰባት ሲካፈል 52 ሳምንት ደርሶ አንድ ቀን ስለሚተርፍ፣ ዓርብ የጀመረውን ዓመት የሚከተለው ቅዳሜ ይጀምራል፣ ስሙንም ከዚያው ቀን ይወስዳል። የዓርብ ዓመት በየሰባት ዓመቱ ስለሚመለስ የትኛው የዓርብ ዓመት እንደሆነ ለመለየት ከበላዩ ሌላ ርዕስ ያስፈልገዋል፤ የትኛው ድርቅ፣ የትኛው ሥርዓት የተፈጸመበት ዙር እንደሆነ መጠቀስ አለበት። ንዑስ ርዕስ ያለ ዋና ርዕስ ትርጉም አይሰጥም የሚባለው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

በኮምፒውተር በኩል፣ ሐሳብን በእርከን አስቀምጦ እንደፈለጉ የማጠፍና የመዘርጋት ዘዴ በሰፊው የታየው የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ባደረጉት ዝነኛ ማሳያ ነው። በ1983 የዴቭ ዋይነር ድርጅት ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ያወጣው ቲንክታንክ የተባለ ፕሮግራም ዘዴውን ለተራው ተጠቃሚ አደረሰው። በዚያው ዓመት የታንዲ ኩባንያ ሞዴል 100 የተባለውን፣ በጃፓኑ ኪዮሴራ የተሠራ፣ በአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራና ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ፤ መብራት በሌለበት የሚሠሩ ጋዜጠኞችም ወደዱት። ይሁንና ማሳያው ስምንት መስመር ብቻ ነበረው፣ በአንዱ መስመር የሚሰፍረውም 40 ፊደል ነበር። ንዑስ ርዕስ ከዋናው ርዕስ ገባ ብሎ ስለሚጻፍ፣ እያንዳንዱ እርከን ከአርባዋ ላይ ይቀንሳል፤ አስተዋፅኦው ወደ ጥልቀት በሄደ ቁጥር ለቃላቱ የሚተርፈው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከፋው የማስታወሻው ጥበት ነበር። ራም የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ያለውን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ቢበዛ 32 ኪሎባይት ስለነበር፣ ማለትም ወደ 32 ሺህ የላቲን ፊደላት ብቻ ስለሚይዝ፣ የአስተዋፅኦ ፕሮግራሙ ራሱ ከዚያ ላይ ሲቆርስ ለባለቤቱ ጽሑፍ የሚቀረው ያንሳል። ይህን ጥበት ለማቃለል ከተገኙት መንገዶች አንዱ ፕሮግራሙን ከራም አውጥቶ፣ ጽሑፉ የማይለወጥ ማስታወሻ በሆነው የሮም ቺፕ ላይ አትሞ በማሽኑ ሆድ በተዘጋጀው ቦታ መሰካት ነበር። ፖርተብል ኮምፒውተር ሰፖርት ግሩፕ የተባለው የዳላስ ድርጅት የአስተዋፅኦ ፕሮግራሙን ያቀረበው በዚህ መንገድ ነው። ቋሚው ደንብ በአንድ በኩል፣ የሚለዋወጠው ይዘት በሌላ በኩል ተለያይተው ተቀመጡ ማለት ነው።

ወደ ቃል ታሪኩ ስንመለስ፣ የቦረና አርጋ ደጌቲ ወደ ወረቀት በመጣ ጊዜ የተገኘውም የጎደለውም አለ። ተመራማሪው አስመሮም ለገሠ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቦረና ምድር ባካሄዱት ጥናት አሬሮ ራማታን ከመሳሰሉ ሊቃውንት የሰሙትን በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፍ ሲያቀርቡ፣ የብዙ ምዕተ ዓመታት የአባ ገዳዎች ዝርዝር ለዓለም ንባብ በቃ፤ ይህ ታላቅ ውለታ ነው። በሠንጠረዥ የተጻፈ ዝርዝር ግን ሁሉንም በአንድ ከፍታ ዘርግቶ ያሳያል፤ አይታጠፍም፣ በጠያቂው ፍላጎት ልክም አይከፈትም። በ1907 በብሪታንያና በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት የድንበሩ መስመር ቦረናን ለሁለት ከከፈለው ወዲህ፣ ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ የሕግ ጉባኤ የሚካሄድበት ሥፍራ በኢትዮጵያ በኩል ስለቀረ፣ በኬንያ በኩል ላለው ወጣት የሊቃውንቱን ትረካ እንደተዘረጋና እንደታጠፈ ከአፋቸው መስማት ድንበር መሻገርን የሚጠይቅ ሆኗል።

ዛሬ በሞያሌ የሽማግሌዎችን ድምፅ በስልክ መቅዳት ቀላል ነው፤ ርዕስ ያልተሰጠው የሁለት ሰዓት ቅጂ ግን የሚፈለገው ነገር የት እንዳለ አይናገርም፤ ስለዚህ ቅጂው በገዳዎቹ ስም ተከፋፍሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ያም ቢሆን አንድ ነገር ይቀራል። የተለመደው የአስተዋፅኦ ፕሮግራም እንደ ዛፍ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ሲሆን፣ ቦረናዎች «ዳጪ» የሚሉት እምነት ደግሞ በአንድ ገዳ የሆነው በኋላ በሚመጣ ገዳ ላይ ጥላውን ይጥላል ስለሚል፣ ቅርንጫፉን ከሩቅ ቅርንጫፍ ጋር ያገናኛል። የሊበን ጃልዴሳ ርዕስ ሲከፈት የጃልዴሳ ሊበንም አብሮ መከፈት አለበት።