ከሞምባሳ እስከ ኪሱሙ፦ ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ለምን መጡ?



«በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰዎች ለሥራ ባሕር ተሻግረው የሄዱት ለምንድነው?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ ብዙዎቻችን «በድህነት ምክንያት» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ድህነት እኮ በሁሉም ዘመን ነበረ። በዚያ ዘመን ምን አዲስ ነገር መጣ? እዚሁ ኬንያ ባለ ምሳሌ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ መሥራት የጀመሩት በ1896 ነው። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 ኪሱሙ ደረሰ። ለሥራው ወደ 32,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ከህንድ፣ በተለይ ከፑንጃብ፣ በኮንትራት መጡ። ታዲያ አፍሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሐዲድ ሰው ከህንድ ለምን ይመጣል?

1ኛ. ጉልበት ፈላጊ ነበረ። እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ በ1833 አወጣች። የስኳር እርሻ ባለቤቶች ግን ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። በ1834 ሞሪሸስ ደሴት ላይ 36 ህንዶች በኮንትራት ገቡ። ከዚያ ወደ ትሪኒዳድ፣ ወደ ናታል፣ ወደ ፊጂ ቀጠለ። የኬንያው ሐዲድ ሲጀመር ይህ አሠራር 60 ዓመት አልፎታል።

2ኛ. በአገር ቤት ያለው ኑሮ ተናጋ። የቅኝ ገዢው መንግሥት የመሬት ግብርን በጥሬ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ዝናብ ቢቀርም ግብሩ አይቀርም፤ ገበሬው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፣ መሬቱንም ያጣል። ከእንግሊዝ ፋብሪካ የመጣው ርካሽ ጨርቅ ደግሞ የብዙ ሸማኔዎችን እንጀራ ዘጋ። ከ1876 እስከ 1878 በደረሰው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። በ1896 እና በ1897 ረሃብ እንደገና መጣ።

3ኛ. መንገዱና ውሉ ተዘጋጀ። የእንፋሎት መርከብ ጉዞውን አሳጠረ። ደላሎች በየመንደሩ ዞሩ። የሐዲዱ ሠራተኞች ውል 3 ዓመት፣ የስኳር እርሻው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ነበር። ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ በጣት አሻራው ይፈርማል። የስኳር እርሻ ሠራተኛ ጊዜው ሳያልቅ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ሊታሰር ይችል ነበር።

ይህ ባርነት ነው? ሠራተኛው አይሸጥም፣ ደመወዝ አለው፣ ውሉም ያበቃል። ግን አንዴ ከገባ «በቃኝ» ማለት አይችልም። ስለዚህ «ባርነት ነው» ወይም «ነፃ ሥራ ነው» ብለን ብቻ ማለፍ አይበቃም።

ሐዲዱ ወደ 2,500 የሚጠጉ ህንዶችን ሕይወት በላ። በ1898 ሳቮ ላይ ሁለት አንበሶች ሠራተኞችን መብላታቸው በዓለም ታወቀ፤ ብዙውን የጨረሰው ግን በሽታና አደጋ ነው። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ አገራቸው ተመለሱ፤ ወደ 6,700 የሚሆኑት ቀሩ። የዛሬዎቹ የህንድ ዝርያ ያላቸው የኬንያ ነጋዴዎች ሁሉ የእነሱ ልጆች ናቸው ማለት ግን አይደለም። የብዙዎቹ አያቶች በራሳቸው ገንዘብ ተሳፍረው፣ በተለይ ከጉጅራት፣ የመጡ ናቸው።

የአካባቢው ሰዎችስ? ጥቂቶች በሐዲዱ ላይ ሠርተዋል። አብዛኛው ግን ከብቱና እርሻው እያለው ለሌላ ሰው የሚቆፍርበት ምክንያት አልነበረውም። በ1901 የጎጆ ግብር ታወጀ። ቀጥሎም መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ሲሰጥ፣ ብዙዎች ግብር ለመክፈል ደመወዝ ፍለጋ ሄዱ። በህንድ ገበሬ ላይ የደረሰው ግብር እዚህም ደረሰ ማለት ነው።

የህንዶቹ የኮንትራት ጉዞ በ1917 የቆመው በህንድ ውስጥ ተቃውሞው ስለበረታ ነው፤ ጋንዲም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ነበር።

ስለዚህ ስለ ስደት ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጉልበቱን ማን ፈለገው? በአገር ቤት ምን ተለወጠ? መንገዱና ውሉ በማን እጅ ነበር? እኛም «ለምን መጣችሁ?» ስንባል በአንድ ቃል መመለስ የሚከብደን ለዚህ ነው። የሌላውንም ታሪክ በአንድ ቃል አንዝጋው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ ቢጎድል ሠራተኞቹ ይመጡ ነበር? ለምን?
ለ. የኮንትራት ሠራተኛና ባሪያ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያሉ?
ሐ. ግብር ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው እንዴት ነው?