ጥርስ የሌለው ጎማና እርጥብ መንገድ

በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ የእሽቅድምድም መንገድ በ1976 አንድ ዙሩ ከ22 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ አንዱ ወገን ዝናብ ሲጥልበት ሌላው ደረቅ ሆኖ ይገኛል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን መንገዱ ረጥቦ ስለ ነበረ ተወዳዳሪዎቹ ከዮኸን ማስ በቀር ማለት ይቻላል የዝናብ ጎማ ገጥመው ተነሡ። ማስ የመረጠው ግን ጥርስ የሌለውን ጎማ ነው፤ መንገዱ ሲደርቅለትም መሪነቱን ያዘ። ኒኪ ላውዳ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ጎማውን አስለወጠ፤ በሁለተኛው ዙር ከመንገድ ወጥቶ መኪናው በእሳት ተያያዘ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ስለሚያከራክር ጥፋቱን በጎማው ላይ መጣል አይገባም።

ይሁን እንጂ የጎማ ጥርስ ተግባር ውሃን ማስወጣት መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ቦዮቹ መሬት የሚነካውን ገጽ ከማሳነስ በቀር ብዙም አይረዱም። በፎርሙላ ዋን ውድድር በ1971 ሙልጭ ያለ ጎማ የገባው፣ በ1998 ደግሞ ፍጥነትን ለመቀነስ ሲባል ጎማው ቦይ እንዲኖረው በደንብ የታዘዘው ስለዚህ ነው።

ዛሬ በዚሁ መንገድ በተወሰኑ ቀናት ባለ መንጃ ፈቃድ ሁሉ ከፍሎ የራሱን መኪና ይነዳበታል። ፍጥነት ወዳዱ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ቦዩም ጥቂት የሆነውን ጎማ ይመርጣል፤ ይህም ጎማ ሲሞቅ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል። የአውሮፓ ሕግ የሚጠይቀውን 1.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያሟላ ይሆናል። ነገር ግን ማታ በዝናብ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎማው ይቀዘቅዛል፤ ውሃውም መውጫ አጥቶ ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል። ላውዳ ጎማ የሚለውጡለት ሠራተኞች ነበሩት፤ ይህኛው ነጂ ግን ብቻውን ነው።