የሚሰነጠቅ ድምፅ ታሪክ

በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰባሰቡ፣ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ከኮቴው ዳና በላይ መሰማት አለበት። ከልክ በላይ ሲጨመር ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ለምን? ማጉያው የሚሰጠው ቮልቴጅ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውን ሲነካ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ተናጋሪው ያላወጣቸው ድምፆችም ይወለዳሉ።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 አንድ መላ አመነጨ፦ ከማጉያው ከሚወጣው ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። መዛባቱ ቀነሰ፤ ጣሪያው ግን ባለበት ቀረ።

መዛባቱን በወረቀት ማስላትም ከባድ ነበር። በትራንዚስተር ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲጨምር በብዙ ይዘላል፤ ቀመሩም በአንድ ጊዜ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ስፓይስ» የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጊዜን በጥቃቅን እርምጃ ከፋፍሎ፣ በየእርምጃው በጥንቱ የኒውተን ዘዴ መልሱን ይገምታል፤ ያርማል፤ እስኪጠጋ ደግሞ ይገምታል።

ለእኛ ምን ይበጀናል? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የነበሩት ዓይነት ማጉያዎች ያረጃሉ፤ መለዋወጫቸውም ይጠፋል። የሰርኪዩታቸው ንድፍ ከተመዘገበ ግን ጠባያቸው፣ ከነመሰንጠቃቸው፣ በቁጥር ይቆያል። ሳንመዘግብ ከጣልናቸው ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ነገር አያገኝም።